ቅጠሉም መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ግን ልክ አለው

ስለ ደም ግፊት በየገበያውና በየዕድሩ ብዙ ይወራል። አንዱ «ቅጠሉን አፍልቼ ጠጣሁ፤ ዳንኩ፤ ኪኒኑንም ወረወርኩት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቅጠላ ቅጠል ከንቱ ነው፤ ምንም አይሠራም» ብሎ ያጣጥላል። ሁለቱም አፋቸውን ሞልተው ይናገራሉ። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። በጓሯችንና በዱራችን ካሉት ዕፅዋት መካከል የደም ሥርን የሚያላሉ በእውነት አሉ። ነገር ግን በእውነት የሚሠሩ በመሆናቸው እንደ ዋዛ የሚጠጡ አይደሉም። የሚሠራ ነገር ሁሉ ሊጎዳም ይችላል። ስለዚህ ቅጠሉን መድኃኒት ነው ካልን እንደ መድኃኒት እንያዘው። በልክ፣ በጥንቃቄና በግልጽ።

ለምን እንዲህ እንደምል ከሥሩ ላስረዳ።

ደም ግፊት ማለት ምን ማለት ነው?

ልብ ደምን የምትገፋ ጡንቻ ናት። ደሙ በደም ሥር ውስጥ ይሄዳል። ሲሄድም የደም ሥሩን ግድግዳ ይገፋል። ይህ ግፊት በሁላችንም አለ፤ ባይኖር ደም ወደ ራስም ወደ እግርም አይደርስም። በሽታ የሚሆነው ሲበዛ ነው።

ከወንዝ በሞተር ውሃ ስቦ የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። የውሃው ጎማ ሲጣመም ወይም ሲጠብ ምን ይሆናል? ሞተሩ ያጓራል። ጎማው ይወጠራል። ውሎ አድሮ ሞተሩ ይደክማል፤ ጎማውም በሳሳበት በኩል ይፈነዳል። በሰውም ላይ እንዲሁ ነው። የደም ሥር ሲጠብ ልብ ከአቅሟ በላይ ትሠራለች። ኩላሊትና ዓይን ይጎዳሉ። በአንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ሲፈነዳ ወይም ሲደፈን ሰው በአንድ ጎኑ ሽባ ይሆናል፤ አንደበቱም ይያዛል። በየመንደሩ «ለከፈው» ወይም «ምች መታው» ከሚባሉት ብዙዎቹ ግፊት የጣላቸው ናቸው።

ግፊት በሁለት ቁጥር ይለካል። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትገፋ ያለው ነው። የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ነው። 120 በ80 ደህና ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት በሽታ ይባላል።

ክፋቱ ይህ በሽታ ድምፅ የለውም። ቁስል የለው፣ ትኩሳት የለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር እንደገለጸው፣ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች መካከል ከመቶው 46ቱ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ «አሞኛል» ወይም «ተሽሎኛል» በሚል ስሜት ግፊትን ማወቅ አይቻልም። የሚያውቀው መለኪያው ብቻ ነው።

የደም ሥር እንዴት ይላላል?

የደም ሥር እንደ ቀርከሃ ደረቅ ቱቦ አይደለም። ግድግዳው ውስጥ ዙሪያውን የሚሄድ ጡንቻ አለ። ጡንቻው ሲኮማተር የደም ሥሩ ይጠባል። ጡንቻው ሲላላ ይሰፋል። ሲሰፋ ግፊቱ ይቀንሳል። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ጡንቻው እንዲኮማተር ካልሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ወደ ውስጡ መግባት አለበት። ይህ በአጥንትና በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው። ጡንቻው ለካልሲየም ጥቃቅን በሮች አሉት። በሮቹ ሲከፈቱ ይጠብቃል፤ ሲዘጉ ይላላል። በጤና ጣቢያ ለግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን የተባለው ኪኒን የሚሠራው እነዚህን በሮች በመዝጋት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የደም ሥር ውስጡ እንደ ተለሰነ ጎተራ ነው፤ ስስ ልባስ አለው። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የተባለ የአሜሪካ ሳይንቲስት ከጥንቸል የተወሰደ የደም ሥር ሲመረምር አንድ ነገር ገለጸ። የውስጥ ልባሱ ያልተነካ የደም ሥር የሚያላላ ቅመም ሲነካው ይላላል። ልባሱ ከተፋቀ ግን ያው ቅመም አያላላውም። ይህም ልባሱ ራሱ ለጡንቻው «ላላ» የሚል መልእክት እንደሚልክ አሳየ። መልእክተኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ሥራ ፈርችጎትና ሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

እንግዲህ አንድ ቅጠል «ግፊት ያወርዳል» ሲባል በነዚህ መንገዶች በአንዱ ወይም በሌላ ይሠራል ማለት ነው። አንዳንዱ የካልሲየሙን በር ይዘጋል። አንዳንዱ ልባሱን ያነቃቃል። አንዳንዱ ሽንት በማብዛት የውሃውን መጠን ይቀንሳል። አስማት የለበትም።

የአገራችን ዕፅዋት ሲመረመሩ

የአገራችን ተመራማሪዎች ሕዝቡ ለግፊት የሚጠቀምባቸውን ዕፅዋት ወስደው ፈትነዋል። አፈታተኑን ማወቅ ይጠቅመናል። በመጀመሪያ ቅጠሉን ወይም ዘሩን አድርቀው ይፈጩታል። በአልኮል ወይም በውሃ ዘፍዝፈው ጭማቂውን ያወጣሉ። ከዚያም አይጥ ከሚመስል ጊኒ ፒግ ከሚባል እንስሳ የደም ሥር ቁራጭ ወስደው ጨው ባለበት ሞቅ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ያንጠለጥሉታል። ቁራጩ ከሰውነት ወጥቶም ለጥቂት ሰዓት ይሠራል። በቅመም እንዲኮማተር ያደርጉትና የዕፁን ጭማቂ ጠብ ያደርጉበታል። ላላ ወይስ አልላላም? መሣሪያው ይመዘግባል። ቀጥሎም ግፊታቸው ከፍ እንዲል ለተደረጉ አይጦች ጭማቂውን በሚዛን ሰጥተው ግፊታቸውን ይለካሉ።

በ2010 የታተመ የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናት የዶቅማን ቅጠል እንዲህ ፈትኗል። ጭማቂው የአይጦቹን ግፊት ቀነሰ፤ የተኮማተረውንም የደም ሥር አላላ። በ2016 ደግሞ የድግጣ ዘር ጥናት ታተመ። እርሱም የደም ሥርን እንደሚያላላና ይህን የሚያደርገው የካልሲየምን መንገድ በመከልከል መሆኑ ተገለጸ። ኮንሶና ጋሞ እንደ ጎመን ቀቅለው የሚበሉት ሽፈራውም ተፈትኖ የቅጠሉ ጭማቂ የጊኒ ፒግን የደም ሥር ሲያላላ ታይቷል።

ይህ ሊያስደስተን ይገባል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያወቁት ነገር በሚዛን ላይ ወጥቶ አላፈረም። «ምንም አይሠራም» የሚለው ሰው እዚህ ላይ አፉን መያዝ አለበት።

ከአይጥ ወደ ሰው መንገዱ ሩቅ ነው

ይሁን እንጂ ደስታችን ዓይናችንን አይጋርደው። ድግጣን እንመልከት። ድግጣ ምንድን ነው? በየአገሩ ገበሬው ለቅማልና ለመዥገር መግደያ የሚጨቀጭቀው ዕፅ ነው። በአንዳንድ አገርም ዓሣ ለማደንዘዝ ውሃ ውስጥ ይጨመራል። ቅማል የሚገድል፣ ዓሣ የሚያደነዝዝ ዕፅ የደም ሥርም ያላላል ሲባል ሊገርመን አይገባም። ብርቱ ነገር ስላለው ነው። ያ ብርቱ ነገር በትንሹ ሲሆን ያላላ ይሆናል። ሲበዛስ? ይህን በሆዳችን ላይ ልንሞክረው አይገባም።

ሌላም አለ። ተመራማሪዎቹ የፈተኑት በአልኮል የወጣና በሚዛን የተለካ ጭማቂ ነው። እኛ የምንጠጣው ደግሞ በጀበና ወይም በድስት የፈላ፣ በእፍኝ የተለካ ቅጠል ነው። እፍኝ ከእፍኝ ይለያያል። ቅጠልም ከቅጠል ይለያያል። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ይህን ታውቃለች። የአንዱ ጓሮ ጌሾ ብርቱ ነው፤ የሌላው ደካማ ነው። ለጠላው ቢበዛ ጠላው ይመራል፤ ጉዳቱ ያን ያህል ነው። ለደም ሥር ሲበዛ ግን ግፊቱ ከልክ በታች ወርዶ ሰው ዞሮበት ይወድቃል። በተለይም ኪኒኑንም ቅጠሉንም ደራርቦ ለሚወስድ ሰው ይህ አደጋ ቅርብ ነው።

አባቶቻችን ይህን በኮሶ ያውቁት ነበር። ኮሶ የኮሶ ትልን ያስወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ወስደው ተጠቅመውበታል። ነገር ግን ኮሶ ሲበዛ እንደሚጎዳ፣ ነፍሰ ጡርም እንዳትጠጣው የማያውቅ አዋቂ የለም። «ቅጠል ነውና አይጎዳም» የሚለው አባባል ከየት መጣ? ከአባቶቻችን አልመጣም። ሲበዛ ማርም ይመራል።

የሕንድ ሥር ታሪክ

ከዕፅ ወደ ኪኒን የተሄደበትን መንገድ የሕንድ አገር ታሪክ በደንብ ያሳየናል። በሕንድ ሰርፐጋንዳ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ሕዝቡ ሥሩን ለእባብ ንክሻና ለአእምሮ ሕመም ከጥንት ጀምሮ ይጠቀምበት ነበር። በ1949 ሩስቶም ጃል ቫኪል የተባለ ሕንዳዊ ሐኪም ሥሩ የደም ግፊትን እንደሚያወርድ ከበሽተኞቹ ያየውን በእንግሊዝ አገር በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። በ1952 የስዊዘርላንድ ኬሚስቶች ከሥሩ ውስጥ ሬዘርፒን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ሬዘርፒን የደም ሥሩን «ጥበቅ» ብለው የሚያዙትን የነርቭ መልእክቶች በማዳከም ግፊትን ያወርዳል። በዓለም ሁሉ በኪኒን ተሰጠ።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ተገኘ? ኪኒኑን በብዛት ከወሰዱት ሰዎች አንዳንዶቹ ልባቸው በኀዘን ተያዘ፤ ሕይወት አስጠላቸው። ሐኪሞቹም መጠኑን ቀነሱ። ልብ በሉ። ይህ የተገኘው እያንዳንዱ በሽተኛ ስንት ሚሊግራም እንደወሰደ ተጽፎ ስለነበረ ነው። ባይጻፍ ኖሮ ጥፋቱ ከሥሩ ይሁን ከሌላ ነገር ማን ያውቅ ነበር? የሕንድ ገበሬ ዕውቀት፣ የሐኪሙ ዓይን፣ የኬሚስቱ ሚዛን አንድ ላይ ሲሆኑ ነው መድኃኒቱ የተገኘ።

በሰው ላይ የተፈተኑም አሉ

ከመጠጥና ከምግብ መካከል በሰው ላይ የተሞከሩ አሉ። ሱዳኖች አዘውትረው የሚጠጡት ቀይ ከርከዴ አንዱ ነው። በ2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ያለ 65 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ለ6 ሳምንት ተፈተኑ። አንዱ ወገን በቀን 3 ኩባያ ከርከዴ ጠጣ። ሌላው ወገን ከርከዴ የሚመስል መጠጥ ጠጣ። ከርከዴ የጠጡት የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ ወደ 7 ገደማ ሲወርድ፣ የሌሎቹ 1 ገደማ ብቻ ወረደ። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ በተለያዩ ጥናቶች ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ ታይቷል። በውስጡ ያለው ድኝ ነክ ነገር በደም ውስጥ ወደ ሌላ ጋዝ ተለውጦ የደም ሥርን ያላላል። ግን ነጭ ሽንኩርት የደም መርጋትንም ያዘገያል። ስለዚህ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረ ሰው ማብዛት የለበትም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ግፊቱ 138 የነበረ ሰው 7 ቢወርድለት 131 ይሆናል። መልካም ነው። ግፊቱ 180 የሆነ ሰው 7 ቢወርድለትስ? 173 ይሆናል። ይህ ሰው አሁንም አደጋ ላይ ነው። እርሱ ኪኒኑን ጥሎ ከርከዴ ቢጠጣ ራሱን እየጎዳ ነው። «ቅጠሉ ሠርቷል» ማለትና «ቅጠሉ ይበቃል» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ደግሞም ዕፅ ሁሉ አያላላም። ጫት የደም ሥርን ያጠብቃል፤ ልብንም ያስሮጣል። ጠዋት ቅጠል አፍልቶ የሚጠጣ፣ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ሰው በአንድ እጁ የሚፈታውን በሌላ እጁ ያስራል። ጨውም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ወጡ፣ ዳቦው፣ በጨው የሚጠጣው ቡና ሁሉ አንድ ላይ ተቆጥሮ ማለት ነው። ጨውን መቀነስ ገንዘብ አያስወጣም፤ እንዲያውም ያተርፋል።

«ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው» ለሚሉ

አንዳንድ ወገኖች «ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ መድኃኒቱም ያልቃል፤ ቅጠሉ ግን ደጃችን ነው» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ሊናቅ የሚገባው ቃል አይደለም። መልሱ ግን ሕክምናውን ትቶ ቅጠል ላይ መተኛት አይደለም። በማኅበር መረዳዳት ነው። በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዛሬ በብዙ ወረዳዎች አለ፤ ያልገባ ይግባበት። የግፊት መለኪያ በባትሪ የሚሠራ አለ። ቁጥር ማንበብ የቻለ ሁሉ አሠራሩን ከጤና ባለሙያ ተምሮ ሊለካበት ይችላል። አንድ ዕድር ወይም አንድ ማኅበር አዋጥቶ ቢገዛ መንደሩን ሁሉ ያገለግላል። ለድንኳንና ለድስት የምናዋጣ ሰዎች ለዚህ አናንስም።

ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለኝ። ገበሬው ቅጠል መጠጣቱን ሲናገር አትቆጡት፤ አትሳቁበት። ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም፤ መጠጣቱን ግን አይተውም። የተደበቀ ቅጠል ከተነገረ ቅጠል ይልቅ አደገኛ ነው። ለባህል መድኃኒት አዋቂዎችም እንዲሁ። ምስጢር አድርጋችሁ የያዛችሁት ዕውቀት ሳይፈተን ከእናንተ ጋር መቃብር ከገባ ማንን ጠቀመ? ዶቅማው ለከሰል እየተቆረጠ ሲያልቅስ የትኛውን ቅጠል ትቀጥፋላችሁ?

እናድርገው የምለው ይህን ነው

አንደኛ፣ ዕድሜው 30 ያለፈ ሁሉ ግፊቱን ይለካ። ከመለካቱ በፊት 5 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ይረፍ። ቡና ጠጥቶ፣ ጫት ቅሞ ወይም ሸክም ተሸክሞ ወዲያው አይለካ።

ሁለተኛ፣ ኪኒን የታዘዘለት ሰው ተሻለኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ቁጥሩ የወረደው ኪኒኑ ስለሠራ ነው። ኪኒኑ ሲቆም ግፊቱ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ቅጠል የሚጠጣ ሰው ስሙንና መጠኑን ለጤና ባለሙያው ይንገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መድኃኒቱን የደበቀም ያው ነው።

አራተኛ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ለግፊት ብላ ምንም ዓይነት ቅጠል አትጠጣ። በእርግዝና ጊዜ የሚነሳ ግፊት እናትንም ልጅንም ይገድላል። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን መጋረድ ወይም የፊትና የእጅ ማበጥ ያየባት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

አምስተኛ፣ ፊደል የቆጠርን ሁሉ ደብተር እናውጣ። በገጹ ላይ አራት መስመር ወደ ታች እናስምር። አምስት ክፍል ይሆናል። በመጀመሪያው ቀኑን፣ በሁለተኛው የላይኛውን ቁጥር፣ በሦስተኛው የታችኛውን ቁጥር፣ በአራተኛው የወሰድነውን ኪኒን፣ በአምስተኛው የጠጣነውን ቅጠልና ስንት ኩባያ እንደሆነ እንጻፍ። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤትም እንጻፍለት። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ደብተሩን ይዘን እንሂድ።

በዚህ ደብተር ላይ ነው «ቅጠሉ ይሠራል» የሚለውና «አይሠራም» የሚለው ክርክር የሚያልቀው። ከወር በኋላ ቁጥሩ ካልወረደ ቅጠሉ አልበቃም ማለት ነው፤ ምስክሩ የገዛ እጃችን ጽሕፈት ነው። ከወረደም ሐኪሙ አይቶ ይፈርዳል። እስከ ዛሬ ስለ ቅጠሎቻችን የምናውቀው በአፍ ሲወርድ የመጣ ነው። ከእንግዲህ በቁጥር ይጻፍ።